ፓስታውና የንፋስ መውጫ ጥርስ

የኔነሽ በየቀኑ ረፋድ ላይ ትልቁን ብረት ድስት ውሃ ሞልታ ቡታጋዙ ላይ ትጥዳለች። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር አንድ እፍኝ ጨው ትበትንበታለች። ፓስታውን ከጥቅሉ አውጥታ፣ ሳትሰብረው፣ እንደ ችቦ ቀጥ አድርጋ ትተክለዋለች፤ እየለሰለሰ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ በማማሰያ ትከተለዋለች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ አላርም ትሞላና የጨው ጣሳው ላይ ታስቀምጠዋለች። አላርሙ እስኪጮህ ድረስ ወደ ድስቱ ዞር ብላ አታይም። ሳህን ትደረድራለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ንፋሱ በሩን እየገፋ ሲያስቸግራት ድንጋዩን በእግሯ አስጠግታ ታስደግፈዋለች። ስልኩ ሲጮህ ግን የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትሮጣለች፤ ድስቱን አንሥታ ወንፊቱ ላይ ትገለብጣለች። ከዚያ በኋላ ፓስታ ውሃ ውስጥ አንዲት ትንፋሽ ታህል አይቆይም።

ይህን ያስተማራት ሼፍ አለሙ ነው። የኔነሽ ከትውልድ ከተማዋ፣ ከጋይንቷ ንፋስ መውጫ የወጣችው ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች፣ አክስቷን ተከትላ ነበር። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሳህን አጣቢ ሆና ገባች። ከሳህን ወደ ሽንኩርት፣ ከሽንኩርት ወደ ምድጃ ተሻገረች። ሼፍ አለሙ በወጣትነቱ ከጣሊያኖች ጋር የሠራ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲስቅ ደግሞ የሚያስቅ ሰው ነበር።

«ፓስታ ጥርስ ሊሰማው ይገባል» ይላት ነበር። «ጥርስ ካልተሰማው አጥሚት ነው። አጥሚት የሚፈልግ አራስ ቤት ይግባ።»

እናቷ ወይዘሮ ምሥራቅ ሲያርፉ የኔነሽ ለቀብር መጣች፤ ለአርባቸው ቆየች፤ ከአርባቸው በኋላም አልተመለሰችም። እናቷ የተዉላት ቤት አስፋልቱ ዳር ነው፣ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፍ ሁሉ ፊት ለፊት ያየዋል። የፊተኛውን ክፍል ኖራ ቀባችው፣ አራት ጠረጴዛ አስገባችበት፣ ከበሩ በላይ «ሮማ የጣሊያን ምግብ ቤት» ብላ አስጻፈች። የከተማው ሰው «ሮማ» የሚለውን ትቶ «ጣሊያን ቤት» አለው። አንድ የመኪና ረዳት ይህን ሰምቶ ገብቶ፣ ጣሊያኑን ጥሩልኝ፣ ጎማ ማጣበቅ ያውቅ እንደሆን ልጠይቀው ብሎ ያውቃል።

በስጎው ማንም አልተከራከረም። ቲማቲሙን ከቀይ ሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀስ አድርጋ ታበስለዋለች፤ ሊወጣ ሲል በሶብላ ትበትንበታለች፤ ሽታው አስፋልቱን ተሻግሮ ይሄዳል። ጠቡ በፓስታው ነበር። ፓስታው ይከብዳል። ሲያኝኩት ከጥርስ ጋር ይታገላል። ከባጃጅ መቆሚያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ፣ ያ ነገር በስሏል ወይስ አልበሰለም የሚለው ክርክር የማይነሣበት ቀን አልነበረም።

አልበሰለም የሚሉት ወገኖች መሪ ሐረገ ወይን ናት። ሐረገ ወይን ከየኔነሽ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የተማረች፣ አሁን ከአስፋልቱ ማዶ ሽሮ ቤት ያላት ሴት ናት። ድምፅዋ መኪና ቢያልፍም ባያልፍም ማዶ ለማዶ ይሰማል።

«እኔ ስለ ጣሊያን አላውቅም» ትላለች። «ግን ጣሊያን ማገዶ አጥሮት ነው እንዴ? ሰው ከፍሎ ጅማት ይጎትታል?»

በስሏል የሚሉትን የሚመራው ደግሞ ታሪኩ ነው። ታሪኩ ባጃጅ ይነዳል፤ ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ ያየውን ሁሉ በስልኩ ቪዲዮ ያረጋግጣል። ምሳውን ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም።

«አልዴንቴ ይባላል፤ ለጥርስ የሚሰማ ማለት ነው» ይላል፣ ቃሉን እንደ ማዕረግ እያነሣ። «እናንተ ጥርሳችሁን የምታውቁት ለገብስ ቆሎ ብቻ ነው።»

«ቆሎስ ቢሆን ተቆልቶ ነው!» ትለዋለች ሐረገ ወይን።

በገበያ ቀን አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ገብተው አንድ ሳህን አዘዙ። ግማሹን በትዕግሥት አኝከው ሲያበቁ የኔነሽ ቀርባ «አባቴ፣ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«ጥሩ ነው ልጄ። ግን የተረፈውን ቤቴ ወስጄ ላብስለው?»

ለዚህም፣ ለሐረገ ወይንም፣ ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልለው ለሚጎርሱት የመሥሪያ ቤት ሰዎችም የየኔነሽ መልስ አንድ ነበር፤ «በጣሊያን ደንብ ነው።» ይህን ስትል አትቆጣም፣ አትለማመጥም። አንገቷን ቀና አድርጋ ብቻ ትናገራለች። ሼፍ አለሙ ያስተማራትን ንፋስ መውጫ ጥርሱ ስላልወደደው አትለውጠውም። ሰው እስኪለምድ መጠበቅ ነው፤ ይለምዳል።

ሰው የሚለምድበትን ጊዜ ግን ማኅበሩ አልሰጣትም።

ወይዘሮ ምሥራቅ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ቦታቸው ለልጃቸው ተላልፏል። ማኅበርተኛው ወር በገባ በዐሥራ ስድስት በተረኛው ቤት ይሰበሰባል፤ ቄስ ጸልየው ዳቦው ይቆረሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። የየኔነሽ የመጀመሪያ ተራ መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም መካከል ደረሰ። እሷም ሳትደብቅ ተናገረች። ዳቦው፣ ንፍሮውና ጠላው እንደ ደንቡ ይሆናል፤ ምግቡ ግን ፓስታ ነው፣ በጾም ስጎ።

በማግስቱ እማማ ብርቄ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። እማማ ብርቄ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ሰብሳቢውን ማኅበርተኛ እንዲያ ይሉታል። ወንበሩ ላይ በዝግታ ተቀመጡና ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ምን ላቅርብልዎ እማማ?» አለች የኔነሽ።

«ምንም። ላንቺ ምግብ የሚሆን ጥርስ ይዤ አልመጣሁም» አሉ። የቀሩላቸው ጥርሶች ፊት ለፊት የማይገናኙ ናቸው። «ስሚኝ ልጄ። ሰው ይመጣል፤ ለኪዳነ ምሕረት ሲል ይመጣል። ግን ሳህኑን እንደ ሞላ ትቶ ከተነሣስ? እናትሽን እኔ ካወቅኋት ጀምሮ ከቤቷ ተርቦ የወጣ ሰው የለም። ያንቺ ደግሞ የመጀመሪያሽ ነው። የመጀመሪያው ከተበላሸ ስም ሆኖ ይቀራል።»

«አይበላሽም።»

«እሱን አላልኩም። ብቻ ሐረገ ወይን አንድ ድስት ሽሮ ሠርታ ትጠብቅ ብለናል። ልጆቹ ለኳስ እንደሚሉት፣ በተጠባባቂነት።»

የየኔነሽ ፊት ቲማቲም መሰለ። «እማማ፣ እርስዎን አክብሬ ነው። ግን የሐረገ ወይን ሽሮ በዚህ በር ከገባ እኔ በሌላው በር እወጣለሁ።»

እማማ ብርቄ በሩን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። «ቤትሽ ሌላ በር አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ትገናኛላችኋ» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔነሽ ስጎዋን ስታማስል የምታስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ከዚህች ከተማ በልጅነቷ ወጥታ በጎልማሳነቷ የተመለሰች ሰው ናት፤ ብዙዎች አሁንም «ባሕር ዳሯ» ይሏታል። የእናቷ ቦታ በስም ተሰጥቷታል። ማኅበርተኛው ከቤቷ በልቶ ጠግቦ ከወጣ ቦታው የእሷ ይሆናል፤ በተጠባባቂ ሽሮ ከተረፈች ግን የወይዘሮ ምሥራቅ ልጅ፣ ያቺ ባሕር ዳሯ፣ ሰው ማብላት ያቃታት ተብላ ትቀራለች።

ዋዜማው ዕለት ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ ጣደች። የተዘፈዘፈ ባቄላ ነው፤ ቢሆንም ረፋድ የተጣደው እስከ ምሳ ሰዓት አልደረሰም። የኔነሽ በየመሀሉ አንዷን ፍሬ በጭልፋ አውጥታ በጣቶቿ ትጫናለች፤ አልፈርጥ ስትላት ውሃ ትጨምራለች፤ ደግሞ ታወጣለች። በሌላው ቡታጋዝ የታሪኩ ፓስታ አላርሙን ጠብቆ ወጣ፤ ስጎ ተደረገበት፤ ቀረበለት።

«ንፍሮው ገና ነው?» አለ ታሪኩ ሹካውን እያጠማዘዘ።

«የጋይንት ባቄላ አታውቀውም? ባሕር ዳርማ ሽንኩርት ከትፌ ሳልጨርስ ይደርስልኝ ነበር። እዚህ ውሃው ቶሎ ይፈላል እንጂ ጉልበት የለው...»

እዚህ ላይ ቆመች። ጭልፋው በእጇ እንዳለ ቆመች።

ይህን ንፋስ መውጫ ውስጥ የማያውቅ የለም። ደጋ ላይ ውሃ ይንተከተካል፣ እህል ግን አይበስልም፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ምክንያቱ ከፍታው ነው ይላሉ፣ እናቶቻቸው ምክንያቱን ሳይጠይቁ ማገዶ ይጨምራሉ። የኔነሽም ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ለባቄላ አላርም ሞልታ አታውቅም፤ ባቄላ ሲበስል ነው የሚወጣው። ፓስታውን ግን እንደዚህ አገር እህል ቆጥራው አታውቅም ነበር። ከባሕር ዳር ስታመጣው ሰዓቱንም አብራ አምጥታለች።

ወደ ታሪኩ ሳህን ሄደች፣ አንድ ዘለላ በጣቷ መዘዘች።

«እትዬ! የኔን እኮ ነው!»

ዘለላዋን መክተፊያ ጣውላው ላይ አጋድማ በቢላ ቆረጠቻትና ወደ ብርሃኑ አነሣቻት። ሼፍ አለሙ፣ መሀሉ ላይ ፀጉር የምታህል ነጭ ትቅር ይል ነበር። የይቺኛዋ ግን የሻማ ክር ታህላለች። ድሮ፣ ገና ስትማር፣ ሁልጊዜ ቆርጣ ታይ ነበር። አላርሙን ካመነች ወዲህ ቆርጣ አይታ አታውቅም።

«ታሪኩ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ነገር በስሏል?»

«አልዴንቴ ነው።»

«ስለ ጣሊያን አልጠየቅሁህም። ሆድህን ነው የጠየቅሁት።»

ታሪኩ ሹካውን አስቀመጠ። ወደ በሩ አየ፣ ማንም የለም። «ሆዴ እንግዲህ... ከበላሁ በኋላ ይጮኻል። ይለምዳል ብዬ ነው።»

የኔነሽ አዲስ ውሃ ጣደች። ፓስታ ተከለች። ስልኩን ወደ ኪሷ ከተተችና ድስቱ አጠገብ ቆመች። በየመሀሉ አንድ ዘለላ እያወጣች ቆረጠች፣ ቀመሰች፣ ጠበቀች። የሻማው ክር ቀጠነ፤ ፀጉር ሆነ። ያኔ አወጣችው። ያለ ስጎ፣ በጨው ብቻ ጎረሰችው፤ ጥርስ ይሰማዋል፣ ግን አይታገልም። በሐይቁ ዳር ሆቴል፣ በዚያ ሙቀት፣ ቆማ የምትበላው ፓስታ ይህ ነበር።

መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ እኒያ ገበሬ ትዝ አሏትና ሳቀች። ቀጥሎ ሐረገ ወይን ትዝ አለቻት፤ ሳቋ ቆመ። ከሰው ሁሉ ሐረገ ወይን ልክ ትሁን?

ታሪኩ አንገቷን መድፋቷን ሲያይ ገባው። «ምን ቸገረሽ? ለማኅበሩ ብላ፣ ለሽማግሌ ብላ አለሰለሰችው ብዬ አወራልሻለሁ። ማን ያውቃል?»

«ምሳህን ብላ» አለችው።

በማግስቱ፣ ቅዳሴ እንደ ወጣ፣ መጀመሪያ የመጣችው ሐረገ ወይን ነበረች። ድስቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ታቅፋለች።

«ተጠባባቂው መጥቷል!» አለች ከበሩ።

«አግዳሚው ሥር አስቀምጪው። ቀይ ካርድ ሳላወጣብሽ።»

ሐረገ ወይን ድስቷን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሳትጠየቅ ዳቦውን ትቆራርስ ዘንድ ቢላ ፈለገች፤ ቄስ ሳይባርከው ነው ብላ የኔነሽ ቀማቻት። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። የኔነሽ ከልማድ ሞልታው ነበር። ጮኸ፣ ጮኸ። የኔነሽ ሳህን መደርደሯን ቀጠለች።

«ጮኸ እኮ» አለች ሐረገ ወይን።

«ይጩህ።»

«አታወጪውም?»

«አልበሰለም።»

ሐረገ ወይን ወደ ድስቱ ጠጋ አለች። ከዚያ በቀስታ «ምን አልሽ?» አለች።

«ሰምተሻል። ድገሚልኝ ብትይ አልደግምም።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ» አለችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «አንቺ! ይህን ሁሉ ጊዜ ጣሊያን፣ ጣሊያን ስትይኝ!»

የኔነሽ የሆነውን ነገረቻት፤ ስለ ባቄላው፣ ስለ ባሕር ዳሩ ሰዓት፣ ስለ ሻማው ክር፣ ስለ ታሪኩ ሆድ። ሐረገ ወይን ከሳቋ ብዛት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «በጋይንት ውሃ፣ በባሕር ዳር ሰዓት! ኧረ ምን ጉድ ነው! ለማን ለማን ልንገር?»

«ለፈለግሽው። መጀመሪያ ግን ቅመሽ።»

አንድ ዘለላ ቆርጣ አየች፤ ድስቱን ገለበጠችና ከወንፊቱ ትንሽ አንሥታ፣ ስጎ ጠብ አድርጋ ሰጠቻት። ሐረገ ወይን በጥርጣሬ አኘከች። ማኘኳን አዘገየች። ጣራ ጣራውን አየች።

«አሁንስ?»

«አንድ ጊዜ ተቀምሶ አይታወቅም» አለችና እጇን ዘረጋች።

የማኅበሩ ቄስ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ በታሪኩ ባጃጅ መጡ፤ ንፋሱ ጥምጥማቸውን ሊወስድ ሲል በእጃቸው ይዘው ገቡ። ማኅበርተኛው ከየአቅጣጫው ሞላ። ጸሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ንፍሮው ታደለ፤ ጠላው ተቀዳ። ቀጥሎ ፓስታው ወጣ። ሁሉም ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። የኔነሽ የጓዳው በር ላይ ቆማ አንድ አፍ ብቻ ታይ ነበር፣ የእማማ ብርቄን።

እማማ ብርቄ ፓስታውን በማንኪያ ጠርዝ እየቆራረጡ፣ አንዲት ጉርሻ ወስደው ወደ ቀኝ አሸሹ፣ ወደ ግራ መለሱ። ዋጡ። ሌላ ጨመሩ። ሦስተኛውን ሲያነሡ ቆም አሉ።

«የኔነሽ፣ ይሄ ያው ያ ነው?»

«ያው ነው እማማ።»

«ምን አደረግሽው?»

ሐረገ ወይን ወደ የኔነሽ አየች። አፏ ሊከፈት ተዘጋጅቷል፤ ግን በእጇ ከደነችው። ታሪኩ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፣ አትናገሪ እያለ። የኔነሽ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እስከ ትናንት አላበስለውም ነበር» አለች።

አንዱ ሳቀ፣ ሁለተኛው ተከተለው፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሐረገ ወይን ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም፤ የባቄላውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የራሷን ጨምራበት፣ ተርካ ወጣችው። «ልክ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም? እስቲ መሪጌታ ይፍረዱ!»

«እኔ ግን የበፊቱ ይሻለኝ ነበር» አለ ታሪኩ። «አሁን ላልቷል።»

«ሆድህስ?» አለችው የኔነሽ።

«ሆዴ የራሱ ጉዳይ ነው።»

ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ። ላልቷል የሚል አንድ፣ አሁን ነው ምግብ የሆነው የሚል ብዙ፣ ፓስታ ቢበስልም ባይበስልም ያለ እንጀራ ምግብ አይባልም የሚሉ ሁለት ሽማግሌዎች። እነዚህ ሁለቱ ሐረገ ወይንን ጠቅሰው ድስቱን ከአግዳሚው ሥር አስወጡና ሽሮውን ፓስታው ላይ ገለበጡት። ጣፈጠን አሉ። የኔነሽ ይህን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች፤ ሐረገ ወይን ግን ስትኮራ ዋለች።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ እስከዚያው ሳህናቸውን ጨርሰው ነበር። ጢማቸውን ጠረጉና እጃቸውን አነሡ። «ወገኖቼ፣ ፍርድ ስጡ ብላችሁኛል። ሳይመረመር አይፈረድም። የመጀመሪያውን ሳህን ስበላ ጉዳዩን አላወቅሁም ነበር፤ ጨምሩልኝና አሁን አውቄው ልብላ።»

ተጨመረላቸው። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም ሳህን አቀረቡ። ድስቱ ተጠርጎ አለቀ። ማኅበርተኛው ሲነሣ እማማ ብርቄ ሳህናቸውን ለማንም አልሰጡም፤ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በአንድ እጃቸው ሳህኑን ይዘው ራሳቸው ጓዳ ድረስ ገቡ። ሳህኑ ባዶ ነበር።

«እናትሽ ጨው እንዲህ ታሳንስ ነበር» አሉና ወጡ።

ጣሊያን ቤት ዛሬም ያው አራት ጠረጴዛ ነው። ክርክሩም አለ። ታሪኩ ምሳውን ሲያዝ «የኔን አላርሙ ሲጮህ አውጪልኝ» ይላል፤ የኔነሽም ታወጣለታለች፣ ሆዱን እየጠየቀች። የተረፈውን ቤቴ ላብስለው ያሉት ገበሬም በገበያ ቀን ተመልሰው መጥተው ሳህናቸውን እዚያው ጨርሰዋል።

በማኅበሩ ቀን ጽዋውን የተቀበለችው ሐረገ ወይን ናት። የሚያዝያው ዐሥራ ስድስት ከፋሲካ በኋላ ስለሚውል ስጎው በሥጋ ይሆናል፤ ድግሱ በሽሮ ቤቱ ነው፣ ፓስታውን የምትቀቅለው የኔነሽ ናት።